ከሰሉ መርዝ፣ ጋዙ መድኃኒት? መቱ ላሉ እናት የሰጠሁት መልስ



ሰሞኑን በኢንቦክስ ከመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። የላኩት መቱ የሚኖሩ አንድ እናት ናቸው። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። የከሰል ጋዝ በብርሃን መድኃኒት ሆነ ይላል። እውነት ነው እንዴ? ምራቴ አራስ ነች። እዚህ ዝናቡ አላባራ ብሎ ክፍሉን በከሰል ነው የምናሞቅላት። ታዲያ ያን ያህል አይጎዳም ማለት ነው?»

መልስ ከመጻፌ በፊት ደወልኩላቸው። «እማማ፣ መጀመሪያ ማንደጃውን ወደ ውጭ ያውጡልኝ፤ በሩንም መስኮቱንም ይክፈቱት። ከዚያ እናወራለን» አልኳቸው። አወጡት። ደግነቱ አራሷም ሕፃኑም ደህና ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያወራነውን ነው ዛሬ አስፍቼ የምጽፍላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ምክንያቱም ቪዲዮው ውሸት አይደለም። አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን «ውሸት ነው» ብዬ እገላገል ነበር።

መጀመሪያ ስለ መርዙ

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ከሰል፣ እንጨት፣ ቤንዚን ወይም ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ይወጣል። ብዙዎቻችን «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» እንላለን። ተሳስተናል። ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ጋዙን በብዛት የሚለቅበት ሰዓት ነው። አመድ የለበሰው ረመጥም መልቀቁን አያቆምም።

ደማችን ውስጥ ሂሞግሎቢን አለ። ሂሞግሎቢን መሐሉ ላይ ብረት አለው፤ ኦክሲጅንን ከሳንባ ወደ መላ ሰውነት የሚያጓጉዘው በዚህ ብረት ይዞ ነው። ችግሩ ይህ ብረት ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ጋዙ መቀመጫውን ሲይዝ ኦክሲጅን ቆሞ ይቀራል። አውቶቡሱ ይመላለሳል፣ ተሳፋሪው ግን የተሳሳተ ሰው ነው። አንጎልና ልብ ይራባሉ።

ንጹሕ አየር እየተነፈስን ብቻ በደም ያለው የጋዝ መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። መቶ በመቶ ኦክሲጅን በጭንብል ከተሰጠ ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ለዚህ ነው ኦክሲጅን ዋናው መድኃኒት የሆነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቪዲዮው፦ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ። ይህንኑ መርዝ እኔም እናንተም በዚህች ደቂቃ እየሠራነው ነው። በቀን ወደ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ።

ከየት? ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። ሲያረጅ ሰውነት ያፈርሰዋል። ቀዩን ነገር (ሂም ይባላል) የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ነው ሥራውን የገለጹት። አንድ ሂም በተቆረጠ ቁጥር ሦስት ነገር ይወጣል፤ ብረት፣ አንዲት የካርቦን ሞኖክሳይድ ቅንጣት፣ እና ቆይቶ ወደ ቢሊሩቢን የሚለወጥ አረንጓዴ ነገር። ቢሊሩቢን ማለት የሕፃናትን ዓይንና ቆዳ ቢጫ የሚያደርገው ነው።

እማማንም በስልክ ይህን ስነግራቸው «የኛም ሕፃን በተወለደ በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ሰማያዊ መብራት ስር አስተኝተውት ነበር» አሉኝ። በትክክል! ያ ቢጫነት የመጣው ከዚሁ ሂም መፍረስ ነው። ሕፃኑ ለሠራው ለእያንዳንዱ የቢሊሩቢን ቅንጣት አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ቅንጣት ሠርቶ በትንፋሹ አስወጥቷል።

ያ ሰማያዊ መብራትም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዝ ውስጥ ሮችፎርድ በሚባል ከተማ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ሕፃናቱን ፀሐይ ታሞቅ ነበር። ፀሐይ የነካው ቆዳ ቢጫነቱ እንደሚደበዝዝ፣ ልብስ የሸፈነው ግን ቢጫ እንደሆነ እንደሚቀር አየች። በ1958 የሆስፒታሉ ሐኪሞች በመብራት ሞክረው ውጤቱን አሳተሙ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ መቱ ድረስ የምናውቀው የቢጫ ሕፃን ሕክምና ከዚያ የመጣ ነው። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የጠናውን ቢጫነት አይተካም። መዳፍና ውስጥ እግሩ ድረስ ቢጫ የሆነ፣ ጡት አልይዝ ያለ ሕፃን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ።

ይህን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። «ብርሃን መድኃኒት ይሆናል» የሚለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ብርሃንና ይህ ጋዝ ምን አገናኛቸው?

ሳይንቲስቶች ያወቁት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመራማሪ ጋዙን ራሱ ላይ ሳይቀር ሞክሮ ያጠና ነበር። ጋዙ ከሂሞግሎቢን ጋር የተያያዘበት ደም ላይ ብርሃን ሲያርፍ ጋዙ እንደሚላቀቅም አሳየ። ከዚያ ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ እርሾ ላይ ሠራ። የእርሾውን አተነፋፈስ በካርቦን ሞኖክሳይድ ያፍነውና ብርሃን ሲያበራበት እርሾው መልሶ ይተነፍስ ነበር። በዚህ መስመር የሠራው ሥራ በ1931 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ ብረት፣ ማንጋኒዝና ሩቴኒየም ያሉ ማዕድናት ይህን ጋዝ ይወዱታል፣ አጥብቀውም ይይዙታል። በደማችን ሲሆን የሚገድለን ይኸው መውደዳቸው ነው። ኬሚስቶች ግን ገልብጠው አሰቡት። «ጋዙን ከማዕድን ጋር አስረን ወደ ሰውነት ብናስገባውና እኛ በፈለግንበት ቦታ፣ በፈለግንበት ሰዓት፣ በፈለግነው መጠን ብንፈታውስ?» አሉ። ፈቺው ቁልፍ ደግሞ ብርሃን ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሮቤርቶ ሞተርሊኒና ባልደረቦቹ እንዲህ ዓይነት ጋዝ የሚለቁ ውህዶችን ለሕክምና ያስተዋወቀ ጥናት አሳተሙ። ከሞከሯቸው አንዱ ሁለት የማንጋኒዝ አተሞች አሥር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከሙበት ውህድ ነበር፤ እሱን የሚፈታውም ብርሃን ነው። በ2008 ጀርመን ውስጥ የኡልሪኽ ሻትስሽናይደር ቡድን የማንጋኒዝ ውህድ በአንጀት ካንሰር ሴሎች ላይ ሞከረ። ጨለማ ውስጥ ሴሎቹን ምንም አላደረጋቸውም፤ መብራት ሲበራ ግን ጎዳቸው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ያለው የፒተር ፎርድ ቡድን ደግሞ እንዲህ ያሉትን በብርሃን የሚከፈቱ ውህዶች «ፎቶኮርም» አላቸው፤ ስሙም ጸና።

ለምን ይፈለጋል ካላችሁ፣ ጋዙ በጥቂቱ ሲሆን የደም ሥር ያላላል፣ ብግነት ያበርዳል፣ በላብራቶሪ ባክቴሪያም ይገድላል። ለምሳሌ የማይድን ቁስል ላይ የሚለጠፍ ጨርቅ አስቡ። በጨርቁ ክሮች ውስጥ ውህዱ አለ፤ ሐኪሙ ለተወሰነ ደቂቃ መብራት ያበራበታል፣ ጋዙ እዚያው ቁስሉ ላይ ብቻ ይለቀቃል፣ መብራቱ ሲጠፋ መልቀቁም ይቆማል። እንዲህ ዓይነት ክር በላብራቶሪ ተሠርቷል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እኔንም ያስደስተኛል።

ታዲያ ፋርማሲ ውስጥ ለምን የለም?

ቪዲዮው እዚህ ላይ ነው ዝም ያለው። ዛሬ በየትኛውም አገር ለሕመምተኛ እንዲሰጥ የተፈቀደ ፎቶኮርም የለም። ሥራው ያለው በብልቃጥ፣ በሴልና በእንስሳት ላይ ነው። ምክንያቶቹም ለማንም ይገባሉ፦

1ኛ) ብርሃን ሥጋ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ቀደምቶቹ ውህዶች የሚፈቱት በአልትራቫዮሌት ወይም በሰማያዊ ብርሃን ነበር። ይህ ብርሃን ከቆዳ ብዙም አያልፍም። ቀይና ከቀይ ትንሽ ያለፈው ብርሃን ጠልቆ ይገባል፤ የእጅ ባትሪ መዳፋችሁ ስር ስታበሩ ቀይ ሆኖ የሚታያችሁም ለዚህ ነው። አሁን ተመራማሪዎች በቀይ ብርሃን የሚፈታ ውህድ ለመሥራት የሚደክሙት ለዚሁ ነው።

2ኛ) ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ማዕድን የት ይሄዳል? ሩቴኒየም ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ውህዶች ላይ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ባክቴሪያውን የሚጎዳው ጋዙ ሳይሆን ማዕድኑ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለዓመታት «ጋዙ ሠራ» ሲባል የነበረው እንደገና ተፈተሸ።

3ኛ) ጋዙን በቀጥታ በማስተንፈስ የተሞከረውም ቢሆን ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ሳንባቸው ጠባሳ የሆነባቸው ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ100 እስከ 200 የሚሆን ጋዝ በሳምንት ሁለት ቀን ለሁለት ሁለት ሰዓት እንዲተነፍሱ አደረገ። በሐኪም፣ በመለኪያ፣ በጥንቃቄ። የተጠበቀውን ለውጥ አላመጣም።

ልብ በሉ፤ እዚያ መጠኑ በማሽን ይለካል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ ደማቸው ይመረመራል። የእኛ ማንደጃ መለኪያ የለውም። በሩ የተዘጋች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከዚያ መጠን ማለፍ ደግሞ ለማንደጃ ምንም አይደለም።

እኔ የሚመስለኝ

አሁን ወደ አስተያየቴ ልምጣ። ብትስማሙም ባትስማሙም ጻፉልኝ።

የመጀመሪያው፦ «ያው ጋዝ ነው» የሚለው አባባል ትክክል ሆኖ አደገኛ ነው። በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ልዩነት ጋዙ ላይ አይደለም፤ ልዩነቱ መጠኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን የሚቆጣጠር ሰው መኖሩ ላይ ነው። ፎቶኮርም ቁልፍ አለው። ከሰል ቁልፍ የለውም። አንዴ ከተቀጣጠለ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ለማን እንደሚሰጥ አይመርጥም፣ ተኝተን ይሁን ነቅተን አያውቅም።

ይህን የምለው አንድ ነገር ስለማውቅ ነው። እኛ ጭስን የመውደድ ባህል አለን። የወይባ ጭስ አለ፣ የቡና እጣን አለ፣ አራስ ቤት ሙቅና ዝግ መሆን አለበት የሚል አለ። አያቶቼንም እናቶቼንም አከብራለሁ፤ ቡናውንም እወዳለሁ። ግን «ሳይንስም አረጋገጠ» የሚል ቪዲዮ በዚህ ላይ ሲጨመር፣ በሩ ገርበብ ይል የነበረው ይዘጋል። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው። አራስ ቤት ውስጥ ደግሞ በጣም የሚጎዱት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ደም የፈሰሳት እናትና አዲስ የተወለደ ሕፃን። ለነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ ነው። የፅንስ ሂሞግሎቢን ጋዙን ከእናቱ ይበልጥ ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም። እናት ራሷን አሟት ሲለቃት፣ ሆድ ውስጥ ያለው ገና አልለቀቀውም ማለት ነው።

ሁለተኛው፦ «ከሰል አታንድዱ» ብሎ መምከር ብቻ ለእኛ ለሐኪሞች ቀላል ነው። ኢሉባቦርን አውቀዋለሁ፤ ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ እዚያ አካባቢ ሠርቻለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች አንዷ ነች፤ በመቱም ክረምቱ ገና ከሚያዝያ የጀመረ ይመስላል። ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ ማታ ይበርዳል። መብራት ይጠፋል። ከመቱ እልፍ ሲሉ ሶር ወንዝ ላይ የኃይል ማመንጫ አለ፤ ማታ ግን ሻማ የሚገዛ ሰው ሞልቷል።

ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነርሷ የሚኖሩት ግቢ ውስጥ በተከራዩት አንድ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ያቺ ክፍል አንድ በር እንጂ መስኮት የላትም፤ ካላትም በካርቶን ተዘግቷል። አከራይ ደግሞ «ቆጣሪ ይቆጥራል» ብሎ የኤሌክትሪክ ምድጃና ምጣድ ይከለክላል። ታዲያ ያ ተከራይ ሽሮውን በምን ይሥራ? በከሰል። ውጭ እንዳያወጣው ዝናብ ነው። ስለዚህ ምክሬ ለተከራዩ ብቻ ቢሆን ልክ አይሆንም። ውድ አከራዮች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተም ነው። ኤሌክትሪክ ምድጃ የምትከለክሉ ከሆነ ቢያንስ ከሰል የሚነድበት ጣሪያ ያለው በረንዳ አዘጋጁ፣ የሚከፈት መስኮትም ይኑር። የቆጣሪው ሒሳብ ተካፍሎ ይከፈላል። የሞተ ተከራይ አይመለስም።

ሦስተኛው፦ ወደፊት ስለሚመጣው መድኃኒት ከመደነቃችን በፊት ዛሬ ያለውን መድኃኒት እናዳርስ። ስሙ ኦክሲጅን ነው። በአንድ የገጠር ጤና ተቋም ተረኛ ሆኜ ከሰል የመታቸው ባልና ሚስት በሌሊት መጡ። ሁለቱም ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ከእኔ በፊት ያያቸው ሰው የምግብ መመረዝ ነው ብሎ ነበር። ጣታቸው ላይ የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ 98 አለ። «ኦክሲጅናቸው ጥሩ ነው» ተባለ። ጥሩ አልነበረም! ያ መለኪያ ኦክሲጅን የያዘውን ሂሞግሎቢንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን አይለይም፤ ሁለቱንም «ቀይ» ብሎ ይቆጥራል። ኦክሲጅን ያለው ሲሊንደር አንድ ብቻ ነበር። ተራ በተራ እየሰጠን አነጋን። ሁለቱም ተረፉ። ዛሬም ሳስበው ጨንቆኝ ነው የማስበው።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ፦ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ባንዴ ራሱን ካመመውና ካስመለሰው፣ የጣት መለኪያው ምንም ይበል፣ «ከሰል ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነፃ ነው። ከዚያ ኦክሲጅን ጀምሩ። ለጤና ቢሮዎች ደግሞ፦ በሪፈራል ሆስፒታሎቻችን ጋዙን በደም ውስጥ የሚለካ መሣሪያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

አራተኛው፦ «እዚህ ኦክሲጅን ሳይኖር ስለ ፎቶኮርም ማውራት ምን ይሠራል?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው። ዜናው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ስልካችን ላይ ደርሷል፤ ዝም ብንለው በራሱ መንገድ ይተረጎማል። ደግሞም ይኸው ምርምር በተቃራኒው አቅጣጫ ለከሰል ተጎጂ ሊጠቅም ይችላል። አሜሪካ ቦስተን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጋዙ የመረዛቸውን አይጦች ሳንባ በብርሃን ሲያበሩት ጋዙ ከደማቸው ቶሎ እንደወጣ አሳዩ። በ2019 ደግሞ ደማቸውን ወደ ውጭ አውጥተው በብርሃን ውስጥ እያሳለፉ ሞከሩት፤ ያም ሠራ። ከመቶ ዓመት በፊት ሃልዴን ያየው ነገር ነው። እሱም ገና በእንስሳት ላይ ነው ያለው። አንድ ቀን ግን ያ ብርሃን ኦክሲጅን በማይበቃበት ቦታ ሕይወት ቢያተርፍ አይገርመኝም።

የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ብትሆኑ የሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለምትፈልጉ አንድ ልጠቁማችሁ። አዲስ ውህድ ለመሥራት ውድ ላብራቶሪ ያስፈልጋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ግን በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። መቱ፣ ጎሬ፣ ቡሬ፣ ያዮ ላይ አራስ ቤት፣ ቡና የሚፈላበት ክፍልና የተማሪ ኪራይ ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ወሰን በ24 ሰዓት አማካይ ከአንድ ሜትር ኩብ አየር 4 ሚሊ ግራም ነው። የእኛ ቤት ስንት ነው? ይህን የሚነግረን ቁጥር ከመቱ ቢመጣ እኔ በዚህ ገጽ በደስታ አወጣዋለሁ። ይኸው ድርጅት ከቤት ውስጥ ማገዶና ከሰል በሚመጣ የአየር ብክለት በ2020 ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከዚያ ውስጥ ድምፅ የሌለው ብዙው የእኛ ዓይነት ቤት ነው።

ዛሬ ማታ የምታደርጉት

- ከሰል ውጭ ይቀጣጠል፤ ፍም ስለሆነ ብቻ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ። ቡና ስታፈሉም በርና መስኮት ይከፈት፤ አየር የሚገባበትም የሚወጣበትም ይኑረው።
- ከሰል ባለበት ክፍል በፍጹም አትተኙ። «ትንሽ ነው»፣ «አመድ ሸፍኜዋለሁ» አይሠራም። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ጋዙን አይወስደውም።
- ሱቅና ቤት ውስጥ ጀነሬተር አታስነሱ፤ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ ውጭ ይሁን። መኪና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታሙቁ።
- አራስና ሕፃን የሚሞቁት በልብስ፣ በኮፍያ፣ በብርድ ልብስና በእናት ገላ ነው። ሕፃኑን ቆዳ ለቆዳ ደረት ላይ ማቀፍ ከማንደጃ የተሻለ ማሞቂያ ነው፤ ነፃም ነው።
- ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ቤት ውስጥ ሲመጣና ውጭ ስትወጡ ሲሻላችሁ ከሰሉን ጠርጥሩ። ሁሉም የቤት ሰው ባንዴ ከታመመ ደግሞ ልክፍት አይደለም፣ ታይፎይድም አይደለም፤ ጋዝ ነው ብላችሁ ውጡ።
- የወደቀ ሰው ካገኛችሁ በርና መስኮት በርግዳችሁ ቶሎ ወደ ውጭ አውጡት፤ እናንተም እዚያ ውስጥ አትቆዩ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም፣ ሎሚም፣ ውሃም በአፉ አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኙት፣ ወደ ሆስፒታል አፍጥኑት፣ እንደደረሳችሁም የመጀመሪያ ቃላችሁ «ከሰል ነበር» ይሁን።
- ነቅቶ «ተሻለኝ» ያለም ሰው ይታይ። የማስታወስ ችግርና የጠባይ ለውጥ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ማንም ሰው «ጋዝ የሚለቅ መድኃኒት አለኝ» ብሎ በቴሌግራም ሊሸጥላችሁ ቢሞክር አትግዙ። እንዲህ ያለ የተፈቀደ መድኃኒት የለም።

እማማ ትናንት ደውለውልኝ ነበር። ማንደጃው በረንዳ ላይ እንደሆነ፣ ምራታቸው ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ እንደምትተኛ ነገሩኝ። «ዶክተር፣ ያ በብርሃን የሚሠራው መድኃኒት ሲመጣ ግን ንገረን እሺ?» አሉኝ። እነግርዎታለሁ ብያቸዋለሁ። እስከዚያው ግን በሩ ይከፈት።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ቤት ለሚያከራይ፣ አራስ ላለው፣ ክረምቱን በኪራይ ክፍል ለሚያሳልፍ ተማሪ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።